መንገደኛ ሲታመም

በሂርና ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርት

ዛሬ የምንነጋገረው ቤተሰቡን ይዞ ወጥቶ መንገድ ላይ ሕመም ስለሚያጋጥመው ሰው ነው። ሂርና የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ሁሉ በፊታችን ያልፋል። ስለዚህ ጉዳዩ በሁለት በኩል ይመለከተናል፤ እኛም ልጆቻችንን ይዘን እንጓዛለን፤ የሌላውም ቤተሰብ በቸገረው ጊዜ የእኛን በር ያንኳኳል።

ነገሩን ከዚሁ መንገድ ታሪክ ልጀምረው። በ1898 ዓ.ም. የሐረርጌ ገዢ የነበሩት ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል ከሐረር ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመሩ። ባቡሩ ድሬዳዋ ከገባ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር፤ ሐዲዱ ግን ከድሬዳዋ ገና አልተሻገረም። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ራስ መኮንንም እንደ ማንኛውም መንገደኛ ይህን ተራራ በበቅሎ ማቋረጥ ነበረባቸው። ቡርቃ ከተባለው ስፍራ ሲደርሱ ታመሙ። ጉዞው ተቋርጦ ወደ ኋላ፣ ወደ ቁልቢ ተመለሱ። ቁልቢ የቅዱስ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ አልተነሡም። በመጋቢት ወር 1898 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሐረርም ተቀበሩ።

ልጃቸው ተፈሪ ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ደጃዝማች ተብለው ጋራ ሙለታ ተሰጥቷቸዋል። እናታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ነው የሞቱባቸው። አሁን ደግሞ አባታቸው መንገድ ላይ ታመው በዚያው ቀሩ። ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ባሉት መጽሐፋቸው ይህን የአባታቸውን መጨረሻ አንሥተው ጽፈዋል። ያን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር የማስበው ስለ ሥልጣንና ስለ አልጋ ወራሽነት አይደለም። የማስበው ከአባቱ አልጋ አጠገብ ስለተቀመጠው የ13 ዓመት ልጅ ነው።

ሌላም የታማሚ ታሪክ ላንሣ፤ ከዚህ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ራስ መኮንን ዳግማዊ ምኒልክን ወክለው ወደ እንግሊዝ ተልከው ነበር። ምክንያቱ የንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ነው። በዓሉ ለሰኔ 19 ቀን 1894 ዓ.ም. ተቀጥሮ፣ የየአገሩ መልእክተኛ ተጠርቶ፣ ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ሳለ ንጉሡ በትርፍ አንጀት ሕመም ተያዙ። ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ሲሉ ንጉሡ እምቢ አሉ፤ በዓሉ እንዳይቀር፣ የተጠራው እንግዳ እንዳይመለስ ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻ ሐኪሞቹ አሸነፉ። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሰር ፍሬድሪክ ትሪቭስ የተባሉት ሐኪም እዚያው ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ቀዶ ሕክምናውን አደረጉ። ንጉሡ ዳኑ። ዘውዱንም በነሐሴ 3 ቀን ደፉ።

በዓለም ላይ ያለ ሐኪም ሁሉ በደጁ የቆመለት ሰው እንኳ የጀመረውን ካልጨረስሁ ብሎ ከሕመሙ ጋር ይሟገታል ማለት ነው። የሰው ጠባይ ነው። የጀመረውን ማቋረጥ፣ የቀጠረውን ማስቀረት፣ የተሳለውን ማዘግየት ያሳፍረዋል። መንገድ ላይ ደግሞ ይህ ነገር ይብሳል፤ መኪናው እየሄደ ነው፣ ዘመድ እየጠበቀ ነው፣ ሌላው ተሳፋሪ ሰዓቱን እያየ ነው።

ራስ መኮንን ቆመዋል። መቆማቸው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ዘመኑ ራሱ የሚሰጣቸው ሕክምና ጥቂት ነበር። ሐረር ላይ ከጓደሉፕ የመጡ ዶክተር ቪታሊየን የተባሉ ሐኪም ሠርተው ያውቃሉ፤ ለልጅ ተፈሪ ፈረንሳይኛ ካስተማሩት አንዱም እሳቸው ናቸው። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን በየትኛውም አገር የነበረ ሐኪም ዛሬ በጤና ጣቢያችን መደርደሪያ ላይ ያለው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በእጁ አልነበረውም። ፔኒሲሊን የተገኘው ከእሳቸው ሞት ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ለብዙ ሕዝብ የደረሰው ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ነው። ያን ጊዜ መንገደኛው ሲቆም ሕክምናው አልነበረም። ዛሬ ሕክምናው በመንገዱ ዳር አለ፤ አልቆምም የሚለው መንገደኛው ነው። እኔን የሚያሳስበኝም፣ ዛሬ በፊታችሁ ያቆመኝም ይኸው ነው።

መንገዱን እናስበው። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ሲነሣ አዳማን፣ መተሐራን፣ አዋሽ ሰባት ኪሎን፣ ሚኤሶን፣ ጭሮን አልፎ ሂርና ይደርሳል። በእነዚህ ሁሉ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አለ። ጭሮ፣ የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ ከአዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ያለች የዞናችን ዋና ከተማ ናት። የቆረቆሯት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ በልጅነታቸው ያደጉትም በእነዚሁ በራስ መኮንን ቤት ነው። እሳቸው ይህን አካባቢያችንን፣ ጨርጨርን፣ አርአያ የሚሆን ግዛት ለማድረግ በደከሙበት ዘመን ከዚህ ታሞ ሐረር መድረስ የቀናት ጉዞ ነበር። አሁን በአስፋልት የሰዓታት ነገር ሆኗል። መንገደኛውን የሚያታልለውም ይኸው ነው፤ «ትንሽ ነው የቀረን፣ ድሬዳዋ ደርሰን እናሳየዋለን» ያሰኘዋል።

እንበል፣ አንድ ቤተሰብ ለትምህርት ቤት ዕረፍት ከአዲስ አበባ ወጣ። አባት፣ እናት፣ አያት፣ የአሥር ዓመት ሴት ልጅና የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ። ድሬዳዋ አክስት አለች። ሐረር ላይ የጀጎልን ግንብና ማታ ማታ ጅብ ሲመገብ ለማየት ልጅቱ ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቅ ኖራለች። አያትየው ደግሞ የቁልቢ ስለት አለባቸው። ሕፃኑ ከመነሣታቸው በፊት በነበረው ምሽት ሰውነቱ ሞቆ ነበር፤ እናቱ ሽሮፕ ሰጠችው፤ ሲነጋ ቀለል አለው። ጎሕ ሳይቀድ ተነሡ። አዋሽ ከ1,000 ሜትር በታች ያለ ቆላ ነው፤ ሙቀቱ ሲበረታ የልጁ ግንባር እንደገና ነደደ፤ «ሙቀቱ ነው» ተባለ። ከሚኤሶ በኋላ ዳገቱ ሲጀመር አስመለሰው፤ «ጥምዝምዙ መንገድ ነው» ተባለ። ጭሮን አለፉ። ወደ እኛ በሚያመጣው ጠመዝማዛ ላይ የልጁ ዐይን ወደ ላይ ተገለበጠ፤ እጅና እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

እናንተ ወላጆች የሆናችሁ ይህን ሰዓት ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ። እናት ልጄ ሞተ ብላ ትጮኻለች። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ላይ ያጨሳል። ሌላው ጥርሱ እንዳይገጥም ማንኪያ አፉ ውስጥ ለመክተት ይታገላል። ሦስተኛው ቁልፍ ወይም ብረት በእጁ ያስይዘዋል። አራተኛው ቀዝቃዛ ውሃ ይደፋበታል። ሁሉም ይህን የሚያደርገው ከፍቅር የተነሣ ነውና ማንንም አልወቅስም። ግን አንዱም አይጠቅምም፤ ማንኪያው ደግሞ ጥርስ ይሰብራል፣ ትንፋሽ ይዘጋል።

ትኩሳት ያስነሣው እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ነው። ከመቶ ሕፃናት ከሁለት እስከ አምስት የሚሆኑት በልጅነታቸው ያጋጥማቸዋል። ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ካሉት ቤተሰቦች መካከልም ያየው መኖሩ አይቀርም። አብዛኛው ከአምስት ደቂቃ በታች ነው የሚቆየው። የልጁን አእምሮ አይጎዳም፤ ከዲያብሎስም ከሰው ዐይንም የመጣ አይደለም። ሊደረግ የሚገባው ጥቂት ነው። መኪናው ዳር ይዞ ይቁም። ልጁ በጎኑ ይተኛ፤ አፉ ወደ ታች ዘንበል ይበል፣ ምራቅና ትውከት እንዲወጣ። በአንገቱ ዙሪያ ያለው ልብስ ይላላ። በአፉ ምንም አይግባ፤ ውሃም፣ መድኃኒትም፣ ጣትም። እጅና እግሩን ይዞ ማስቆም አይገባም። አንድ ሰው ሰዓቱን ይይ። ሰዓት ማየት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ግን እሱን ነው፤ በድንጋጤ ውስጥ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ይመስላል። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ በመድኃኒት መቆም ስላለበት በተቻለ ፍጥነት ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም መሮጥ ነው።

እንበል፣ በሦስት ደቂቃ ቆመ። ልጁ ዛል ብሎ ተኛ። እንግዲህ ሁለተኛውና ከባዱ ውሳኔ አሁን መጣ። አያት «ተመስገን፣ አለፈለት» ይላሉ። አባት መሪውን ይይዛል። እኔ የምፈራው መንቀጥቀጡን ሳይሆን ይህን ቅጽበት ነው። መንቀጥቀጡ አልፏል፤ ትኩሳቱን ያመጣው ነገር ግን አላለፈም። የጆሮ ወይም የጉሮሮ ቁስለት ሊሆን ይችላል፤ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ ወባ ወይም ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ሁሉም ከውጭ ሲያዩአቸው በመጀመሪያው ቀን ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው ምርመራ ነው። የማጅራት ገትር ልጅ ደግሞ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። ከሂርና እስከ ድሬዳዋ ያለው ተራራማ መንገድ ለዚያ ልጅ ረጅም ነው።

እዚሁ ከተማችን ውስጥ ወዳለው ጤና ተቋም ቢወስዱት ምን ይደረጋል? ትኩሳቱ ይለካል፣ ትንፋሹ ይቆጠራል፣ አንገቱ ይታያል፣ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ይለካል፣ ለወባ ጣቱ ይወጋል። የወባው ፈጣን ምርመራ ውጤት ሩብ ሰዓት ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው። እንደገና ቢንቀጠቀጥ ማስቆሚያ መድኃኒት አለ፤ ፈሳሽ ቢያስፈልገው በደም ሥሩ ይሰጠዋል። ምናልባት ሁሉም ቀላል ሆኖ ይገኝና ቤተሰቡ ሂርና አድሮ በማግሥቱ ይቀጥላል። ልጅቱም ጅቡን ከአንድ ቀን በኋላ ታየዋለች።

ከባድ ሆኖ ቢገኝስ? ያን ጊዜም ቢሆን እዚህ መቆሙ ነው የሚያተርፈው። ብዙ ሰው «ትንሽ ጤና ጣቢያ ምን ያደርጋል፣ የሚላከው ለትልቁ አይደል» ሲል እሰማለሁ። የአገራችን የጤና አሠራር የተሠራው እኮ ለዚሁ ነው። በገጠር ቀበሌ የጤና ኬላ አለ፤ በላዩ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል። ከዚህ የሚላክ በሽተኛ ጭሮ ሆስፒታል ሊሄድ ይችላል፤ ወይም ሐረር የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት ፋና ሆስፒታል፣ ወይም ድሬዳዋ ድልጮራ ሆስፒታል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ መጀመሪያ እዚህ የታየ ልጅ ሲሄድ ትንፋሹ ተስተካክሎ፣ ደም ሥሩ ላይ መስመር ተከፍቶ፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ገብቶለት፣ በአምቡላንስ ባለሙያ አጠገቡ ተቀምጦ፣ የሪፈር ወረቀቱ ተጽፎ ነው። በቤተሰብ መኪና የሚሄደው ልጅ ግን የኋላ ወንበር ላይ በእናቱ ጭን ነው ያለው። መንገድ ላይ ትንፋሹ ቢያጥር እናት ከመጮኽ በቀር ምን በእጇ አለ?

በሕፃን ላይ ቢታዩ ሳይመካከሩ መቆም የሚያስፈልግባቸው ምልክቶች አራት ናቸው። መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ከፈዘዘ ወይም ራሱን ከሳተ። የጤና ባለሙያዎቻችን ከሁለት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለን ማንኛውንም ሕፃን ሲያዩ መጀመሪያ የሚፈልጓቸው እነዚህኑ ነው። በእነዚህ ላይ ትንፋሽን ጨምሩ። ልጁ ጸጥ ባለበት ጊዜ ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱን እያያችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለው ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ይታይ። ይህን ለመቁጠር መሣሪያ አያስፈልግም፤ ማንም እናት በስልኳ ሰዓት ልታደርገው ትችላለች። ትኩሳት ያለበትን ልጅ በጋቢ ጠቅልሎ ማፈንም፣ በአረቄ ማሸትም ይቅር። ሽሮፑ ያበርድለታል፣ ሕመሙን ያስታግስለታል። ሆኖም እናት አንድ ጊዜ፣ አያት ሳታውቅ ሌላ ጊዜ እንዳይሰጡት አንድ ሰው ብቻ ኃላፊ ይሁን።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ወደ ሂርና ሰዎች ልመለስ። ያ ቤተሰብ እዚህ ሲቆም ማንንም አያውቅም። ጤና ተቋሙ በየት እንደሆነ አያውቅም። ከመካከላቸው ኦሮምኛ የሚሰማ ላይኖር ይችላል። ገንዘቡን ለመንገድና ለስጦታ ከፋፍሎ ነው የያዘው። እኔ ያደግሁት በዚህ መንገድ ዳር ነው፤ ሰው ከአውቶቡስ ሲወርድ ፊቱን ለይቼ አውቃለሁ፤ ሻይ ሊጠጣ የወረደና ጨንቆት የወረደ አይመሳሰሉም። መጀመሪያ የሚያገኘው የባጃጅ ልጅ ወይም ሻይ የምታፈላ ሴት ናት። እኛ ዛሬ የምንማረው ሁሉ መጀመሪያ መድረስ ያለበት ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ነው። የባጃጁ ልጅ ጤና ተቋሙን አሳይቶ፣ በትክክለኛው ታሪፍ አድርሶ፣ በር ላይ ጥሎ ሳይሄድ ካርድ ክፍል ድረስ ቢገባላቸው ሐኪሙ ከሚሠራው ሥራ ግማሹን ሠራ ማለት እችላለሁ። ለቁልቢ በዓል፣ በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ሰሞን፣ ወይም ለአረፋ ሰው ወደ ወገኑ በሚጎርፍበት ጊዜ የአልጋ ዋጋ እንደሚንር እናውቃለን። የታመመ ሰው ይዞ ለመጣ ግን ዋጋው የሌላ ቀን ዋጋ ይሁን። ይህን የሆቴልና የፔንሲዮን ባለቤቶች እዚሁ ተስማምታችሁ ብትወጡ ደስታዬ ወሰን የለውም።

አስተርጓሚም ያስፈልጋል። ስለ ሕመም መናገር በራስ ቋንቋ እንኳ ይከብዳል። የት ነው የሚያምህ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ወሰድህ፣ የማይስማማህ መድኃኒት አለ ወይ ሲባል መልሱ ከተዛባ ሕክምናው ይዛባል። ከተማችን በኦሮምኛም በአማርኛም የሚያወሩ ተማሪዎች ሞልተዋታል። አንድ ወጣት ግማሽ ሰዓቱን ሰጥቶ ከአንዲት እናት ጎን ቢቆም ለእሷ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞ ሌላው ልጅስ? ሁሉም በታመመው ዙሪያ ሲሯሯጥ የአሥር ዓመቷ ልጅ ሳትበላ፣ ማንም ምንም ሳይነግራት ኮሪደር ላይ ትቀመጣለች። ወንድሟ ሊሞት ነው ብላ ታስባለች። ምግብ ስጧት፤ ምን እየተደረገ እንደሆነ በቀስታ ንገሯት። ስለ ተፈሪ ልጅነት ያነሣሁትም ለዚህ ነው፤ ልጅ ያን ጊዜ ያየውን ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይሄዳል።

ለሹፌሮችና ለረዳቶችም አንድ ቃል አለኝ። በሕዝብ መኪና ውስጥ አንድ ሰው ሲታመም ሌላው ተሳፋሪ የሚያጉረመርመው መኪናው ስለቆመ ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደሚነሣ ስለማያውቅ ነው። ረዳቱ ተነሥቶ «ሂርና ገብተን በሽተኛውን አስረክበን እንቀጥላለን» ብሎ በግልጽ ቢናገር ጉርምርምታው ይበርዳል። የሚወርደውን ሰው ዕቃ ሳያጎድል አውርዶ፣ የቀረውን ሒሳብ መልሶ መሸኘትም የዚያው ሥራ አካል ነው። በዚህ መንገድ የጫት መኪና እንዴት እንደሚበር ሁላችንም እናያለን፤ በተለይ ሲመሽ። የታመመ ሰው ይዞ በጨለማ ይህን ጠመዝማዛ መንዳት አንድ አደጋን ሁለት ማድረግ ነው። የደነገጠ አባት ራሱ ባይነዳ ይመረጣል።

ስለ ስለት ጥቂት ልበል፤ ብዙዎች የማይቆሙት በዚህ ምክንያት ነውና። የተሳሉ እናት «ልጁን መልአኩ ዘንድ ላድርሰው፣ እዚያ ይድናል» ይላሉ። እምነታቸውን አከብራለሁ። ግን የቁልቢን ደብር ያሠሩት ሰው ራሳቸው ታመው ጉዟቸውን አቋርጠዋል፤ በዚህ ማንም እምነታቸው ጎደለ አላለም። ስለቱ ለሐምሌ ቢቀር ለታኅሣሥ ይደርሳል። ጸበሉንና መድኃኒቱን ለማጣላትም ምክንያት የለም፤ ልጁ ሐኪም ዘንድ ሳለ መጸለይ የሚከለክል የለምና።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሕፃን ነው። አያትየውንም መርሳት የለብንም። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸው ትልቅ ሰው ለጉዞ ሲነሡ ብዙ ጊዜ መድኃኒታቸው የሚገባው ጣራ ላይ በሚታሰረው ሻንጣ ውስጥ ነው። መድኃኒት በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ ከጉዞው ቀናት የሚበልጥም ይሁን። ኢንሱሊን ሙቀት ያበላሸዋል፤ በአዋሽ ቆላ በመኪናው መስኮት ሥር ከተቀመጠ ጠርሙሱ ሲያዩት ያው ነው፣ ኃይሉ ግን ይቀንሳል። በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ይሁን። የስኳር ሕመምተኛ በጾም ሰሞንም ሆነ በረመዳን ሲጓዝ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። በድንገት ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ መዋጥ የሚችል ከሆነ ቶሎ ስኳር ያለው ነገር ይስጡት፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አይግባ። የፊት አንድ ጎን ከወደቀ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም ምላስ ከተሳሰረ ደግሞ የጭንቅላት ደም ዝውውር ችግር ነው፤ «ድካም ነው፣ ትንሽ ይረፉ» የሚባልበት አይደለም፤ በዚያው ቅጽበት ወደ ሐኪም ነው።

ተቅማጥም የመንገደኛ በሽታ ነው። አንድ ከረጢት ኦ አር ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠጣል፤ የተረፈው ይደፋል። ለልጅ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት መስጠት ነው፤ ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ቆይቶ እንደገና። ይህን ከረጢት ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን ከቤት ከሚወጣ ዕቃ ሁሉ እሱን አስቀድማለሁ። ከዚያ ቀጥሎ በአንድ ወረቀት የእያንዳንዱን ሰው ዕድሜ፣ የልጆቹን ክብደት፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ስም፣ የማይስማማቸውን መድኃኒት ጻፉ፤ የክትባት ካርዱንም ያዙ። ክብደቱ ያስፈልጋል፤ የሕፃን መድኃኒት የሚለካው በኪሎ ነውና። ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው፤ የአምቡላንሱ ስልክ 907 ነው። የየከተማውን አምቡላንስ ስልክ ግን እዚያው ቦታው ላይ መጠየቅ ይሻላል፤ የእኛንም ከተማ ስልክ በየሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ብንለጥፈው መልካም ነው።

በመጨረሻ የማነሣው ወባን ነው፤ ሰው ብዙ የሚሳሳትበት ነውና። በአዋሽና በሚኤሶ ቆላ ያደረ ሰው በማግሥቱ ቢያተኩሰው ያ ወባ ከዚያች ሌሊት የመጣ አይደለም። ትንኟ ከነደፈች በኋላ ሕመሙ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት በላይ ይወስዳል። ስለዚህ እዚህ ሂርና ላይ ያተኮሰው ልጅ ወባ ቢገኝበት ከቀደመ ጊዜ የያዘው ነው። በተቃራኒው ግን በዚህ ጉዞ የተነደፈው ሰው የሚታመመው አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ጉዞውን ረስቶታል፤ የሚያየውም ሐኪም ደጋ ላይ ስላለ መጀመሪያ ጉንፋን ሊመስለው ይችላል። ደጋ ነኝ ማለትም ዋስትና አይደለም። በ1950 እና 51 ዓ.ም. በአገራችን በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል፤ የተመታውም በአብዛኛው ወባን በማያውቁት ከፍ ባሉ ቦታዎች፣ እስከ 2,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ባለው ምድር የሚኖር ሕዝብ ነው። ሂርናም ያለችው በዚህ ከፍታ ክልል ውስጥ ነው። በቅርቡም፣ ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ አንሥቶ እስከ 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ባሉት ወራት ውስጥ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደዘገበው ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል።

ስለዚህ ከጉዞ መልስ ያተኮሰው ሰው ለሐኪሙ «በዚህ ወር በዚህ ቆላ አልፌአለሁ፣ እዚህ አድሬአለሁ» ብሎ ይንገር፤ የደም ምርመራ ይጠይቅ፤ የተሰጠውን መድኃኒት ቢሻለውም እስከ መጨረሻው ይውሰድ። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሣ ስለሚችል ጉዞው ከተፈጸመ ስድስት ወር ቢያልፍም ይህን መናገር ያስፈልጋል።